በቀይ ክር የታሰሩት ጥዶች

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለክንዱ ገደፋው፦

የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ሥራህ ሁሉ ደኅና ነው? እጄ እዚያ ባይደርስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ቤታችንም ደኅና አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ለመመረቂያ ጥናቴ ወደ አገሬ እንደላከኝ ታውቃለህ። የማጠናው ያንን ልጅ ሳለህ አገጭህ ላይ ለጥፈህ ሽማግሌ ነኝ ትልበት የነበረውን የዛፍ ሽበት ነው። ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጣበቀውን፣ ግራር ላይ እንደ ቅጠል የሚዘረጋውን፣ ከደብራችን ጥድ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን በየወገኑ እለያለሁ፤ የትኛው የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚበቅል እመረምራለሁ። ጢማሙ ያረጀ ዛፍና ጉም ይወዳል፤ ማሳ ዳርና መኪና መንገድ ዳር ፈልጌ አጣሁት። ክረምትም በጋም ተመልሼ ያንኑ ዛፍ እንዳይ ብዬ ከእማየ የጥለት ክር ቀዩን ቆርጬ ጥዶቹ ላይ አሰርሁ። ምነው እጄን በሰበረው!

የመንደር ምሥረታው ካድሬ ለአዲሶቹ ቤቶች ምሰሶና ማገር ሊያስቆርጥ ሲመጣ ክሩን አየ። ምልክት የተደረገባቸው እነዚህ ናቸው አለና ሌላውን ዘሎ የእኔኑ ጥዶች አስገነደሰ። እያለቀስሁ ለዛፍ ሽበት ነው ያሰርሁት ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። አገሬውም አላመነኝም፤ ለሽበት ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣ ማን ጅል አለ አሉ። የደብሩን ዛፍ አባየ ናቸው የሚጠብቁት፤ እንግዲህ ጠባቂው ራሱ በልጁ እጅ ለመንግሥት አሳልፎ ሰጠ ተባለ።

በጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የአባየ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ እስኪመሽ ደጅ ደጁን አየን። ጽዋውን የሚቀበል አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ አባየን እህል አላሰኛቸውም፤ ጎናቸውን ይዟቸው ተኝተዋል፤ ጠያቂም የለ። ጎረቤታችን ተስፋው እንኳ፣ ያ አብሯቸው የበላ የጠጣው፣ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። በወደቁት ጥዶች ላይ ሽበቱ እየደረቀ ነው፤ እሱን ለማየትም ዐቅም አጣሁ። ወንድምዓለም፣ ጨነቀኝ! የምሆነው ጠፋኝ። ፈቃድ ለምነህ ድረስልን፤ የእኔን ቃል ባይሰሙ የአንተን ይሰሙ ይሆናል።

ለባለቤትህ ለአደይ ሰላም በልልኝ፤ ልጅህን ሙጬን ጉንጩን ሳምልኝ። እማየ ዓይንህን ሳያሳየኝ አይግደለኝ ትላለች። አባየን ለክንዱ ምን ልበልልዎ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ቃሬዛየን የሚሸከም ሰው ይዞ ይምጣ በይው አሉኝ።

እኅትህ ያይኔአበባ
ቡሬ፣ መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.