የቢያንካን ምሳ ኢብሮ አልበላም

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለሸዋ ሮቢት የጣሊያን ሹም ለክቡር ካፒቴን፤
ግልባጩ በገበያው ዋርካ ሥር ለሚሰበሰብ ሕዝብ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ ቀጥሎም ከእርስዎ ጤና ይልቅ አገሩን ያስጨነቀውን የውሻዎን የቢያንካን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ በእርጅና ሥራ የተውሁ ሰው ስሆን፣ ስሕተት አይቶ ማለፍ ስላልለመድሁ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

1ኛ/ ቢያንካ ብትከሳ፣ ጠባቂዋ ሽማግሌው ኢብሮ ምግቧን በልቶባት ነው ብለው በዕለቱ ስላሰሩት፣ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ምግቧ ከአገርዎ በቆርቆሮ የሚመጣ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ኢብሮ ደግሞ እስላም ነው። በዚህ በይፋት ክርስቲያን ያረደውን በሬ እንኳ እስላም እንደማይቀምስ፣ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይነካ፣ ስለዚህም በሠርግ ቤት ሁለት ዳስ እንደምንጥል ሳያስተውሉ ሁለት ዓመት ሊገዙን መቻልዎ የሚደነቅ ነው። ኢብሮ በእስር ቤቱ መስኮት በኩል፣ «መምህር፣ ወላሂ ቆርቆሮውን የምከፍተው አፍንጫዬን በጥምጣሜ አስሬ ነው» ብሎኛል።

2ኛ/ ቢያንካ ቀን ሙሉ ውኃ ትጠጣለች፣ ቀን ሙሉ ትሸናለች፤ በሸናችበትም ቦታ ሁሉ ጉንዳን ይሰለፋል። ይህን ሦስት ቀን ተከታትዬ በደብተሬ መዝግቤአለሁ። ባልደረባዬ አቶ በላይ በስኳር በሽታ በሞተ ጊዜ ሐኪሙ የነገረን ምልክት ይኸው ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁምና ሐኪምዎ ይመርምራት።

3ኛ/ እስኪመረምራት ድረስ፣ ጠዋት የሚቀርብላትን በማር የራሰ ብስኩትና ከማዕድዎ የሚወረወርላትን ጣፋጭ ሁሉ ያስቀሩላት። የቆርቆሮው ሥጋ ጨውና ጮማ ይበዛዋልና፣ በምትኩ ጮማ የሌለው ቅቅል ሥጋ ከጥቂት ቅቅል ጎመን ጋር ተመጥኖ፣ ጠዋትና ማታ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይሰጣት። ውኃ አይከልከሏት። ሥጋውን ከእኛ ፍየሎች ሊወስዱ አስበው እንደሆነ ግን፣ ባለፈው ወር ወታደሮችዎ እንደጨረሷቸው ሳላስታውስዎ አላልፍም።

4ኛ/ ኢብሮን ይፍቱልን። ማሽላው ደርሶ ወፍ እያራገፈው ነው፤ ሚስቱ ዘምዘም ብቻዋን ከማማው ላይ በወንጭፍ ስትከላከል ትውላለች። ወፎቹም የእርሻው ባለቤት መታሰሩን ከእኛ ቀድመው የሰሙ ይመስላሉ። ያ ማሽላ ካለቀ እስከ መጪው መኸር ለቤታቸው ሌላ እህል የለም።

ለውሻ ይህን ያህል ከሚራራው ልብዎ ለሰው የሚተርፍ ጥቂት እንዳለ ለማየት በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

ዘውዴ እንግዳሸት
የቀድሞ መምህር

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ኢብሮ ከታሰረ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። ከዚያ ወዲህ ቢያንካን በገዛ እጅዎ እንደሚመግቧት ሰምቻለሁ። ትናንት ሳያት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ የሚቈጠር ሆኗል። በእርስዎ ፍርድ መሠረት አሁን ምግቧን የሚበላባት ማን እንደሆነ ለመጻፍ ትሕትናዬ አልፈቀደልኝም።