የአንቺ ሳጥንና የአባትሽ ስፒከር

እሑድ፣ ግንቦት 14

ለጮሌዋ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ እኔስ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምጽፍልሽ።

የላክሽልኝ ሳጥን ደርሶኛል። ሞዴለር ይባላል፣ የመቶ ዓይነት የጊታር አምፕሊፋየር ድምፅ አስመስሎ ያወጣል ብለሻል። ለስጦታው አመሰግናለሁ። ግን ለእናትሽ የጻፍሽላት ምን የሚሉት ነገር ነው? «ከእንግዲህ የአባዬ አሮጌ አምፕ አያስፈልግም፤ ሽጡትና ሳሎኑ ይስፋላችሁ።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማሽም? እናትሽ ቃልሽን እንደ ትእዛዝ ተቀብላ አሮጌ ዕቃ ገዢውን ለቅዳሜ ቀጠረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የወንድሜን ዕቃ?» ብላት፣

«ባሌ ከሞተ አምስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ! ልጄም ሽጡት ብላለች። ይልቅ ወንድ ከሆንክ ከቅዳሜ በፊት ለአንድ ነገር እንደሚጠቅም አሳየኝ» አለችኝ።

እኔ መምህር የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ጊታሩንም ብየዳውንም ጣቴን እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። የአጠቃቀም ወረቀቱን ሳልገልጥ የሳጥንሽን ገመድ ከአምፑ ፊት ለፊት፣ ጊታር በሚሰካበት ቀዳዳ ሰካሁት። ልጄ፣ የወጣውን ድምፅ ምን ልበልሽ! ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጥርስ እየነቀሉ ከሆነ ሐኪም ቤት አለ እኮ!» አለኝ። እናትሽ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው፤ በእኔ ላይ መሆኑ ግን አናደደኝ።

ሐሙስ ዕለት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወረቀቱን አነበብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ። ሳጥንሽ አምፑንም ስፒከሩንም አስመስሎ ይልካል፤ የአባትሽ አምፕ ደግሞ በዚያ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ሁለት አዛውንት እኩል ሲያወሩ ማን ይሰማቸዋል? መድኃኒቱ ሳጥኑ ላይ ያለውን አስመሳይ ስፒከር ማጥፋትና ገመዱን ከአምፑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ መሰካት ነው። ያኔ አምፑ የራሱን ወሬ ትቶ ጉልበቱንና ስፒከሩን ብቻ ያውሳል።

ቀዳዳው ጋ ለመድረስ የጀርባውን ክዳን ስፈታ እናትሽ የእጅ ባትሪ ያዘችልኝ። መብራቱ ስፒከሩ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። በስምንት ዓመትሽ «ድምፁ የት እንደተደበቀ ልይ» ብለሽ የስፒከሩን ወረቀት በእርሳስ የበሳሽው ትዝ ይልሻል? አባትሽ ከሂሳብ ደብተርሽ ቀድዶ ነበር የለጠፈበት። እስከ ዛሬ አለ። ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ ሃምሳ አራት። ከጎኑ የመምህርሽ ቀይ ኤክስ።

ሰክቼ አባትሽ ሁልጊዜ የሚጀምርበትን ዜማ መታሁ። ድምፁ ከሳጥንሽ ነው፤ ወፍራሟ ክር ስትመታ ግን ልጥፉ ዝዝ ይላል፣ እንደ ድሮው። እናትሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባትሪውን ማጥፋት ረስታ ወለሉን እያበራች ቆየች።

ያንን ዝዝታ ከመቶዎቹ አምፖችሽ መካከል አንድ በአንድ ፈለግሁት። የለም! እነዚህ ሰዎች ምን ሲሠሩ ነው የከረሙት?

ቅዳሜ ዕቃ ገዢው ጋሪውን እየገፋ መጣ። በሩን የከፈተችው እናትሽ ናት፤ እኔ ለጠብ እጅጌዬን ሰብስቤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ዕቃው የታለ?»

«አይሸጥም።»

«እንዴ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠሩኝ?»

«ባለቤቷ መጥታ ሳታየው አይሸጥም» አለችና በሩን ዘጋችው። የተዘጋጀሁበት ጠብ እጄ ላይ ቀረ።

ባለቤቷ ማን እንደሆነች እኔ አልነግርሽም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለውን መልእክትሽንም በየዓመቱ አንብበነዋል። ግን ልንገርሽ፣ የልጥፉ ጠርዝ መነሳት ጀምሯል። ሙጫ አለኝ፤ አልነካውም። የተሳሳተ ሂሳብ የሚታረመው በሠራው እጅ ነው። እርሳስ ይዘሽ ነይ።

እስከዚያው ጣትሽ አይዛል፣ ጆሮሽ አይደንቁር፣ እግርሽን ወደ ቤት ያቅናልሽ።

ገና ያልበረደለት
አጎትሽ