አባቴን በማስመሪያ ላስተማሩ ክቡር ኃላፊ

ለወላጆችና ለሕፃናት የጋራ ንባብ ማዕከል ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤንነትዎ፣ በተለይም የአፍንጫዎ ጤንነት፣ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ወንጀል እናዘዛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ እርስዎ ደምዎን በመሐረብ ሲጠርጉ፣ የማዕከሉ ማኅተም ያለበትን ባለ አሥራ ሁለት ገጹን የዳክዬዋን መጽሐፍ ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወጥቻለሁ። ጥፋተኛ ነኝ። እጄን ለማስመሪያ በዘረጋሁ ነበር፤ ማስመሪያው ግን እንደሚያስታውሱት ለሁለት ተሰብሯል።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የምለጥፈው ወላጆችም እንዲያነቡት ነው፤ ማንበብ አስተምረዋቸው የለ?

አንደኛ፣ ስላወጡት ደንብ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወላጅ ሲሳሳት ልጁ መዳፉን በማስመሪያ ትመታዋለች፤ ልጅ ስትሳሳት ወላጇ ይመታታል፤ «አብሮ መማር ማለት ይህ ነው» ብለውናል። እኛ ፌንጣ የምንላት የአምስት ዓመት እህቴ በአንድ ወር ያወቀችው ፊደል ሰባት ብቻ ቢሆንም፣ አመታቷ እጅግ ተሻሽሏል። አሻንጉሊቷን ግድግዳ አስደግፋ «ድገሚ! አንቺ ደደብ!» እያለች በጭልፋ ትደበድባታለች። የአሻንጉሊቷ አንድ ዓይን ወልቋል። ድመታችንማ ትምህርቱ ስለበዛባት ከቤት ጠፍታለች።

ሁለተኛ፣ የአባቴን እጅ በተመለከተ። አባዬ ሥጋ ቆራጭ ነው፤ የበሬ ጭን በመጥረቢያ የሚፈልጥ፣ ቢላዋ ጣቱን ሦስት ጊዜ ሲቆርጠው «እህ» ያላለ ሰው። ፌንጣ መዳፉን ስትመታው ግን አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ ሥር ሲደብቅ ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻለሁ። በሰባት ዓመቱ ከትምህርት ቤት የቀረው አስተማሪው በማስመሪያ የአውራ ጣቱን ጥፍር ነቅሎት እንደሆነ ለእርስዎ አልነገረዎትም፤ ለእኔም የነገረችኝ እናቴ ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ለልጁ ሲል ቢመለስ፣ ማስመሪያው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው አገኘው። ማስመሪያውን ስለ ትዕግሥቱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ያቺው ቅዳሜ። ፌንጣ አንዲት ፊደል ስትስት አባዬን «ምታት» አሉት።

«ይቅርብኝ ጌታዬ» አለ።

«ደንብ ነው፤ ምታት!»

«ልጄን አልመታም።»

ያን ጊዜ በራስዎ ክቡር እጅ ማስመሪያውን አንስተው አሳረፉባት። ጩኸቷ እስከ መንገድ ተሰማ። ሁለተኛው ምት ሳያርፍ ማስመሪያው ተሰበረ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ቀጥሎ የአፍንጫዎ ተራ ደረሰ። ወላጆች በየወንበራቸው ደርቀው ሲቀሩ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። የአባዬ ቡጢ ተገቢ ነበር አልልም፤ ዒላማውን ስቷል ግን አልልም።

ሰኞ ዕለት ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ «ለንባብ የማይበቃ» ብለው በር ላይ ለጠፉ። ለድካምዎ ደስ ይበልዎ፦ አባዬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማንም እርዳታ ያነበበው ጽሑፍ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፌንጣ መጽሐፉን ይዛ ጉልበቱ ላይ ስትወጣ ፊቱን ያዞራል። ገጽ ዘጠኝ ላይ ቆመዋል። ዳክዬዋ ወንዙን ትሻገር አትሻገር እኔ አውቃለሁ፤ ፌንጣ እያለቀሰች ብትለምነኝም ትንፍሽ አልልም። ያንን የሚነግራት አባዬ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ የአባዬን ስም ይመልሱልን፤ ማስመሪያውን ግን አይመልሱ።

ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ እጆቼን ግን ከጀርባዬ ደብቄ፣

ምንጊዜም አክባሪዎ፣ የሥጋ ቆራጩ የበኩር ልጅ፣

ምላጭ

ዳግመኛ፦ ያን ቀን አባዬ እጅ ላይ የቀረውን የማስመሪያውን ግማሽ ፌንጣ ገጽ ዘጠኝ እንዳይጠፋባት መጽሐፉ ውስጥ አስገብታዋለች። ማስመሪያዎ ለንባብ ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ሌላውን ግማሽ ደግሞ በተመለከተ...

ይቅርታ፣ ክቡር ኃላፊ። ከኋላዬ የጥሬ ሥጋ ሽታ መጣ። ጥፍሩ ጠማማ የሆነ አውራ ጣት በትከሻዬ ላይ አልፎ ፊርማዬ ላይ አረፈ፤ ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩል፣ ማንም ሳይመታው፦

«ም... ላ... ጭ!»