ወዳጃ ላይ ያወጣሁት ሀጃ

ሚያዝያ 2

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀመረ። ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሂጃብ፣ አንድ ሽርጥ ሸጥኩ። ሌላው ሁሉ ጨርቁን ዳስሶ ሄደ።

ዓፊያ ከጎኔ በርበሬዋን ዘርግታ እንደ ልማዷ ነገር ትፈልገኛለች።

«ሃዳ ሰልሳቢል፣ የሰልሳቢል እናት፣ ልጅሽ እዚያ አዳማ ባንኳ ብድር አታስፈቅድልኝም?»

«ገና አዲስ ናት፤ ትንሽ ትቆይ» አልኳት።

«አዲስ ሳለች ነው እንጂ። ስትቆይማ አንቺንም አታውቅሽ።»

ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ከጥርስ አላለፈም። ባንክ የለም። አዳማም የለም። ሰልሳቢል መከላከያ ገብታ ለወታደራዊ መረጃ እየሠለጠነች ነው። የምናውቀው እኔና አባቷ ሙሀዲን ብቻ። «ለጎረቤት አይነገርም፤ ለእሷም ለእናንተም አይበጅም» ተብለናል። እዚህ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅ... ጫካው ቅርብ ነው።

ዓፊያም ብትሆን ልጇን ጀሚልን ጅቡቲ ነው ትላለች። ጅቡቲ አለመሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። ጠመንጃ ይዞ ጫካ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። አልጠይቃትም። ሁለታችንም ልጆቻችንን በአፋችን ሩቅ አገር ልከን ጎን ለጎን እንሸጣለን።

ሚያዝያ 5

ሰልሳቢል ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል። «ጉንፋን ነው» አለች። ጉንፋን ነው? ስትጮህ ውላ እንጂ... አባቷ የላከላት በሶ ደርሷታል። «ካልሲ ላኪልኝ እማ፣ ወፍራም።» ይኸው ነው ወሬዋ።

ለመግቢያ ፈተናው ስትዘጋጅ ትዝ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ፊቷን ወደተሰቀሉት ሂጃቦች አዙራ ትቆማለች። እኔ እጠይቃለሁ። አሁን ያለፈችው ሴት ምን ለብሳለች? አብሯት ማን ነበር? በእጇ ምን ይዛለች? ስትመልስ «ልክ» እላታለሁ። ስትሳሳት ጆሮዋን ቆንጠጥ። በኋላ በኋላ የሚቆነጠጥ ጆሮ አጣሁ። ሙሀዲን «እናቷ ናት ያሠለጠነቻት» እያለ ይስቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

አሁንም እኮራባታለሁ። ግን እፈራለሁ። ኩራቱ መጥቶ ይሄዳል፤ ፍርሃቱ አይሄድም።

ሚያዝያ 6

ሙሀዲን እህል ጭኖ ባቲ ገበያ ሄደ። ካልሲውን ገዛሁ።

ሚያዝያ 13

ትናንት ሰልሳቢል የምትደውልበት እሑድ ነበር። አልደወለችም። ስደውል ዝግ ነው።

መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ብለው ሚኒባሶቹ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ። የት ነው? ማን ከማን? አንዱም አያውቅም። ዓፊያም ዛሬ በርበሬዋን አልዘረጋችም። እኔ ለልጄ ስፈራ እሷ ለልጇ... አንዱ ጥይት ሲተኮስ ሁለታችንም እንደነግጣለን። የወጣው ከማን ወደማን ይሆን? አኡዙቢላህ። ምን ዓይነት ሐሳብ ነው?

ሚያዝያ 16

እማማ መሊካ ቤት ወዳጃ ነበር። ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት የሰፈር ሴቶች፣ ሁሉ መጥተዋል። አሚን ብቻ ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ግን ወዳጃ ነው። ተራው ይዞራል፤ እያንዳንዷ ሀጃዋን ታወጣለች፣ የጨነቃትን ትናገራለች፣ ሌላው አሚን ይላል። እማማ መሊካም እንደ ሁልጊዜው «ሀጃችሁን አታድበስብሱ። የተድበሰበሰ ዱዓ መንገድ ይስታል» አሉ።

ከእኔ በፊት ዓፊያ ነበረች። በሩ ጋ ተቀምጣ፣ ለዒድ የሸጥኩላትን አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ። «ጀሚል ጅቡቲ አይደለም» አለች። «ጫካ ነው። ያ ረቢ፣ ኢልመ ኮ... ልጄን በሕይወት መልስልኝ።»

አሚን አልን። እኔም ከልቤ አሚን አልኩ።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ለባንክ ሠራተኛ ዱዓ ቢደረግ ለማን ይደርሳል? ባንክ የምትሠራ ልጅ የለችኝ። አላህን በማላውቀው ሰው አድራሻ ልለምነው? ደግሞ ዓፊያ እውነቷን አውጥታ እኔ ልዋሽ?

«ሰልሳቢል ባንክ አይደለችም» አልኩ። «መከላከያ ናት። የመረጃ ሥልጠና ላይ ናት። አላህ ይጠብቅልኝ።»

አፌን ሳልዘጋ ደነገጥኩ። መጀመሪያ አሚን ያለችው ዓፊያ ናት።

ሚያዝያ 17

ደወለች። ደህና ናት። ልምምድ ወጥተው ስልክ ተሰብስቦባቸው ነበር። አልሀምዱሊላህ። ዱዓው ደርሷል።

ምሳ ላይ ለሙሀዲን ነገርኩት። እጁን ከትሪው አነሳ።

«ስንት ሰው ፊት?»

«ቤቱ ሙሉ ነበር።»

«የጀሚል እናት ፊት?»

«አዎ።»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ረቢአ፣ ልጅቷን በአፍሽ እንዳትበያት» ብሎ ወጣ።

ሚያዝያ 24

አንድ ሰው ሱቅ መጣ። ሽርጥ አስወረደኝ፤ ጨርቁን ግን አያየውም። የሚያየው እኔን ነው።

«የሰልሳቢል እናት አይደሉ? አብረን ተምረናል። አዳማ ናት አሉኝ።»

ዕድሜው አብሯት የተማረ ሰው አይደለም። «አዎ፣ ባንክ» አልኩ። ሽርጡን መልሼ ሰቀልኩት። ሳይገዛ ሄደ።

ዓፊያ ከጎን ሆና ታያለች። እሷ ናት የላከችው? ለጀሚል ነግራው ይሆን? አሚን ባለችበት አፏ?

ግንቦት 3

በርበሬ ከሌላ ሴት ገዛሁ። ዓፊያ አየችኝ።

ግንቦት 17

«ለአረፋ እመጣለሁ፣ ፈቃድ ተሰጥቶኛል» አለች ሰልሳቢል። እናት ልጅሽ ልትመጣ ነው ስትባል እልል ትላለች። እኔ ግን፦

«ዘንድሮ ይቅርብሽ።»

«ለምን እማ?»

ለምን ልበላት? በስልክ? ያን ሰውዬ ልንገራት? አፌን እንዳልያዝኩ ልንገራት? «መንገዱ» አልኳት።

«መንገዱን እኛ እናውቀዋለን» አለች። እኛ ስትል እኔና አባቷ የለንበትም።

ግንቦት 29

አረፋ። ትናንት ገባች። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ከእቅፌ ሳትወጣ ዓይኗ በሩንና መስኮቱን ዞረ። ዓይኗን ባላየውም እጄ ሥር ጀርባዋ ሲዞር ታወቀኝ።

ከሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለን ዓፊያ መጣች፣ ሥጋ በሳህን ሸፍና። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ገና ከሩቅ ሁሉም እየሰማ፦

«ሰልሳቢል፣ ብድሬን በላሽው? ያን ባንካችሁን መጥቼ ልርገመው?»

ሰው ሳቀ። ሰልሳቢልም ሳቀች። እኔ ገባኝ። ያለችበትን እያወቀች ሰው እንዲሰማ ብላ ነው የጮኸችው። ለልጄ ብላ። ሳህኑን ስትሰጠኝ በጆሮዬ «ያንቺም ገባችልሽ። የእኔም ደህና ነው አሉኝ» አለችኝ። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ወር ሙሉ ጠርጥሬያት፣ በርበሬ ከሌላ ገዝቼ...

ግንቦት 30

ሰልሳቢል አብራኝ ሱቅ ዋለች። ሰው ሲቀልልን ወንበሯን አስጠጋች።

«እማ፣ ሽርጥ ያስወረደሽ ሰው የእኛ ነው።»

የያዝኩትን ሂጃብ አስቀመጥኩ።

«ወዳጃ ላይ ያልሽው ተሰምቷል። ሊያጣራ ነው የመጣው። አልተቆጣሁሽም። ግን ማን ማን እንደነበረ ማወቅ አለብኝ።»

«የሰፈር ሴቶች ናቸው።»

«ልጁ ጫካ ያለ ሰው ነበረ? ... እሺ፣ እንደ ድሮው እንጫወት። ዙሪ።»

ዞርኩ። ለምን ዞርኩ? እናቷ ነኝ፣ አልዞርም ማለት እችል ነበር። ፊቴ ሂጃቦቹ ላይ ሆነ።

«ከእማማ መሊካ አጠገብ ማን ነበር?»

«አላስታውስም።»

«በሩ ጋስ?»

አረንጓዴው ሻሽ ወለል ብሎ ታየኝ። «በሩ ጋ ማንም አልነበረም።»

«ዓፊያስ?»

«አልመጣችም።»

«ወላሂ በይ።»

ወላሂ አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በውሸት ምዬ አላውቅም ነበር። ከመጋረጃው ማዶ ዓፊያ ከገበያተኛ ጋር በበርበሬ ዋጋ ትከራከራለች። ድምጿ ይሰማል።

ሰልሳቢል ከኋላዬ ወንበሯን መልሳ «ልክ» አለች።

ልክ አልነበረም። ታውቃለች። ጆሮዬን አልቆነጠጠችም። አዝናልኝ ነው ያለፈችኝ? ወይስ የምትፈልገውን አግኝታ ነው? ፊቷን ዞሬ አየሁት። ምንም አይነበብበትም። ድሮ ግንባሯ ላይ ሁሉን አነብ ነበር።

ከአስር በኋላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ካልሲውን ያዘች። ዓፊያ ከበርበሬዋ ተነስታ «በሰላም ግቢ» አለቻት። ሰልሳቢል ጉንጯን ሳመቻት፣ ሁለቴ። እኔ ቆሜ ሳይ ብርድ ብርድ አለኝ፣ በዚህ ሙቀት።

እስከ ትናንት የምፈራው ለልጄ ነበር። ዛሬ ልጄን ፈራሁ።

ሐሙስ ወዳጃ አለ። ዓፊያ አብረን እንሂድ ብላኛለች። እማማ መሊካ «ሀጃሽን አታድበስብሺ» ይሉኛል... የማንን ልጅ ከማን ልጅ ጠብቅልኝ ልበል?