ቦዩን የደፈነው ማዳበሪያ

የሆዴ ልጅ፣ ባለሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽንም ሳሉ ለቆታል። ሰፈራችንን ግን ብታዪው አታውቂውም፣ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። መንገዱ ስለጠበበ የቆሻሻ መኪናው መግባት ትቷል።

እናልሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ሽታው ቢያስመርረኝ፣ ቆሻሻ የሞላውን ማዳበሪያ ከጓሮ ያለው ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ሁሉም ይጥል የለ ብዬ! በማግስቱ ከባድ ዝናብ ወረደ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ አብራሽ ያደገችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ቤት ገባ። ለሙሽራ የሰፋችው ነጭ ልብስ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። ቦዩን ስንጎረጉር ማዳበሪያው ወጣ።

«የማን ጉድ ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። «የኔ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ? እኔ እኮ እናቴ ነው የምልዎት» አለችና ውሃውን መጥረጓን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብሶቹን እያጠብኩላት ነው፤ እድፉ ግን አልለቅ ብሏል። ሰላምታዬንም የምትመልሰው በአንገቷ ብቻ ነው።

ያሰብሽው ይሙላልሽ ልጄ፣ እጅሽ የነካው ይባረክልሽ። አደራ፣ ስትደውዪ እሷንም አነጋግሪያት። «እናቴን ይቅር በያት» በዪልኝ አላልኩሽም፤ እሱን እኔው እለምናታለሁ። ድምፅሽን ስትሰማ ትንሽ ደስ ይላት ይሆናል ብዬ ነው።

እናትሽ