የባሕሩን ኩስ የቆጠሩት ወይዘሮ አረጋሽ

ወይዘሮ አረጋሽ እንግዳ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳ ፈለቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረግ ተገኘ በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 1974 በጎንደር፣ ደምቢያ ተወለዱ። ቆላ ድባ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ ከአቶ አዳነ መንግሥቱ ጋር ትዳር መሠረቱ። በ1999 ከባለቤታቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ከአለበል ጋር እስራኤል ገቡ። ወደ አይሁድ እምነት የሚገባበትን ሥርዓት፣ ጊዩሩን፣ ፈጽመው አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ላይ ኑሯቸውን አደረጉ፤ ባትኤልንና ኦሜርንም እዚሁ ወለዱ።

ወይዘሮ አረጋሽ ፈሪ ነበሩ። በቀብር ላይ እንዲህ አይባልም፤ ይህን የጻፈው ወንድማቸው አለበል ግን በእርሳቸው ፊት ሁለተኛ መዋሸት አይፈልግም። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ መጠለያ የሚገቡት በባዶ እግራቸው ነው። አውቶቡስ ጣቢያ ወታደር ሲሮጥ ካዩ፣ ልጁ አውቶቡስ እንዳያመልጠው መሮጡን ሳይጠይቁ እርሳቸውም ይሮጣሉ።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት በፈረቃ ከሠሩ በኋላ፣ በ2011 በባሕሩ ዳርቻ ባለ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ በጽዳት ተቀጠሩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ናዖሚ የዓይናቸውን ጥራትና ትዕግሥታቸውን አይተው ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጧቸው። ዞፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት ሌሊት ወደ ላይ ወጥተው ይበላሉ፣ ቀን ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ኩሳቸው ሲሰምጥ ካርቦን ይዞ ይወርዳል። አየሩን የሚያሞቀው ካርቦን ምን ያህሉ ወደ ባሕር ጥልቅ እንደሚገባ ለማወቅ፣ ያን ኩስ በማጥመጃ ሰብስቦ መቁጠር የእርሳቸው ሥራ ሆነ። ጎረቤት የኩስ ሒሳብ ሹም እያለ ሲያሾፍባቸው ከሁሉም በላይ የሚስቁት እርሳቸው ነበሩ።

በ2021 አንድ ባልደረባ ታማ፣ በእርሷ ፈንታ መርከብ ላይ ወጡ። ማዕበሉ ሲያናውጣቸው ነፍሳቸውን አያውቁም ነበር። በዚያ ድንጋጤ፣ በየናሙናው ጠርሙስ ላይ የሚጻፈውን ሰዓት እንደ አገር ቤት ቆጠሩት። ፀሐይ ስትጠልቅ የወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጻፈ፤ ላቦራቶሪው ቀትር ብሎ አነበበው። ዶክተር ናዖሚም እንስሳቱ ለካ በቀትርም ይወጣሉ፣ አዲስ ነገር አገኘን ብለው ለዓለም ሊያቀርቡት ተነሡ።

ወይዘሮ አረጋሽ ስህተቱን ሠንጠረዡ ላይ አዩት። ወደ መወልወያሽ ተመለሺ ይሉኛል ብለው ሦስት ሳምንት ደበቁት። በመጨረሻ እየፈሩ ገብተው ተናገሩ። የዶክተር ናዖሚ ፊት አመድ መሰለ፤ ከዚያ ሰዓቱን በስድስት አስተካክለው ቆጠራውን አብረው እንደገና ሠሩ። በዓመቱ ወይዘሮ አረጋሽ ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ።

በሰኔ 2024 ሆዳቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የጣፊያ ካንሰር እንደሆነና እንደማይድን ለአለበል ነገረው። ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም ብሎ፣ ጨጓራ ነው በሏቸው ሲል ቤተ ዘመዱን ሁሉ ያስማማው አለበል ነው። ልጆቹንም አስምሏል። ሰው ሁሉ እየሳቀ ይገባል፣ ኮሪደር ላይ ያለቅሳል። እርሳቸው የእያንዳንዱን ፊት እያዩ ይበልጥ ይፈሩ ጀመር። ስንት ጊዜ ቀረኝ ብለው ሲጠይቁ፣ አለበል ስለ መንገድ መጨናነቅ ያወራ ነበር።

በጥር አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን ዝጋው አሉት። «እንደማልድን አውቃለሁ፣ አለበል። ሞቱስ ለብቻዬ ነው፤ ፍርሃቱን እንኳ አብራችሁኝ ፍሩ» አሉት። አለበል እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። ከዚያች ቀን ወዲያ ማንም አልሳቀላቸውም። ባትኤል አልጋቸው ላይ ወጥታ ፈርቻለሁ እማ እያለች ታቅፋቸው ነበር፤ እርሳቸውም እኔም ይሉ ነበር፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ይህ የቆየው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

ወይዘሮ አረጋሽ የካቲት 9 ቀን 2025 በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ አዳነ፣ ልጆቻቸው ባትኤልና ኦሜር፣ ወንድማቸው አለበልም በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ እርሳቸውም ብቻቸውን ስለፈሩበት ስለዚያ ሰባት ወር አለበልን ይቅር ይበሉት።