በአደጋ ጊዜ ስለሚጠራው ሰው

ለተከበሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቀይ እስክሪብቶዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ከእርስዎ ሁለት ፎቅ በላይ፣ በባለመስታወቱ ክፍል ውስጥ፣ ደህና ነኝ።

የመስክ ምደባ ቅጼን ለሦስተኛ ጊዜ ስለመለሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ የሕክምና እርዳታ ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሳገለግል እንዲህ ደጋግሞ የጻፈልኝ ሰው ስለሌለ፣ ፖስታዎን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጉድለቱ አንድ መስመር ብቻ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ» የሚለው። ይህ ካልተሞላ ወደ ኮሌራው ካምፕ እንደማልላክ አስምረው ስለገለጹልኝም እጅ እነሳለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በዚያ መስመር ላይ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእናቴ ስም ነበር። እናቴ ያረፈችው እኔ ድንበር ላይ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ስመራ ነው። ለቀብሯ ልሂድ ብዬ ስጠይቅ ተተኪ እስኪገኝ እንድታገሥ በትሕትና ተነገረኝ፤ ተተኪውም ከአምስት ሳምንት በኋላ ተገኘ። ስሟን እኔ አልሰረዝኩትም። የሰረዘው ክፍላችሁ ነው፣ «ስልኩ አይነሳም» የሚል ማስታወሻ ጨምሮ። ስለ ትጋታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪ኛ፦ እህቴን እንድጽፍ መክረውኛል። እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ነገር ግን ስትወልድም፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ስትተኛም፣ እኔ ሌላ አገር የሰው ቁስል ሳጥብ ነበርኩ። ባለፈው ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጇ ድምፄን ስላላወቀችው ማን ልበል አለችኝ፤ የሥራ ማዕረጌን ልነግራት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አላላክክም፤ በተጠራሁ ቁጥር እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ይቆጨኛልም።

፫ኛ፦ የሕንፃችንን የበር ጥበቃ ብጽፍ «ዝምድናው አልተረጋገጠም» ብለው መለሱት። ልክ ነዎት። እኚህ አባት በየጠዋቱ ምነው ሲስተር፣ ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ ከማለት በቀር ምንም ማስረጃ የላቸውም።

፬ኛ፦ ስለ ሹመቶቼ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ነርስ ሳለሁ በሽተኞች ነበሩኝ፤ አስተባባሪ ስሆን ነርሶች፤ ዳይሬክተር ስሆን ደግሞ የሚሽከረከር ወንበር ሰጣችሁኝ። አሁን አልጋ የማየው በሠንጠረዥ ላይ ነው። የሰው የልብ ምት ከቆጠርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንዳንዴ የራሴን እቆጥራለሁ። እንደ ተራ ነርስ ወደ ካምፑ ልመለስ ያልኩት ለዚህ ነው። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፤ እዚያ ቢያንስ የሚፈልገኝ ሰው አለ።

የወንበርዎ ዕድሜ ይረዝም፣ የቅጾችዎ መስመሮች በሙሉ ይሞሉ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣

የአስቸኳይ ሕክምና ዳይሬክተርዎ፣ የቀድሞዋ ሲስተር

ማሳሰቢያ፦ ቅጹን ለአራተኛ ጊዜ ሞልቼ አያይዣለሁ። በመስመሩ ላይ የእርስዎን ስምና የእጅ ስልክ ቁጥር አስፍሬያለሁ፤ «ዝምድና» በሚለው ሥር «የሚጽፍልኝ ሰው» ብያለሁ። አንድ ቀን ከማያውቁት ቁጥር ከተደወለልዎ እባክዎ ያንሱት፤ ተተኪ እስኪገኝ አይጠብቁ።